ወደ ፀሐይ መግቢያ የዞረው አንቴና

ጥር 6 ቀን

ለፌንጣዬ፣

ከሁሉ በፊት አቤቱታዬን ስሚ። ለፖስታ ማሸጊያ የምትጠቀሚው ሙጫ የጫማ ሰሪ ነው ወይስ የድልድይ ሠራተኞች? ደብዳቤሽን ለመክፈት በመጀመሪያ ጥፍሬን፣ ከዚያ ቢላዋ፣ በመጨረሻ የቴሌቪዥን መፍቻዬን ተጠቅሜያለሁ። ሲከፈትም ሰላምታሽ ለሁለት ተቀደደ። የደረሰኝ ግማሹ ነውና እኔም ግማሽ ሰላምታ ልኬልሻለሁ፤ ቀሪውን ሰላምታ ሙጫ ስትቀንሺ ትወስጃለሽ። ፖስታ እንዲህ የሚያሽግ ሰው ወይ ጠንቃቃ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። አንቺ ደግሞ ጠንቃቃ ሆነሽ አታውቂም።

እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው፤ የተበላሸ ቴሌቪዥን አይጠፋም፣ የተበላሸ ደንበኛም እንደዚያው። እናትሽ ደህና ናት። ልጇ በሰው ከተማ አስተማሪ መሆኗን ያልሰማ ሰው ካለ እስካሁን አላገኘችውም። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልትጠይቅሽ አስባለች፤ ይህንን ለምን ቀድሜ እንደነገርኩሽ አላውቅም፣ ብቻ ነገርኩሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሥዕሉ ለምን በካሬ በካሬ እየተሰነጠቀ ይደርቃል አልሽኝ። ድሮ ምልክቱ ሲደክም ስክሪኑ ላይ በረዶ ይዘንብ ነበር፤ ሰው በበረዶው ውስጥ እያጨነቆረም ቢሆን ያይ ነበር። ዲጂታሉ እንደዚያ አይደለም። ምልክቱ እስከበቃው ድረስ ጥርት ያለ ሥዕል ይሰጥሻል፤ ትንሽ ከጎደለው ይሰነጣጠቃል፤ ሌላ ትንሽ ሲጎድል ጥቁር። መሃል የለውም። የእናትሽን ኩርፊያ አስቢ።

ደግሞ «ቁጥር ሦስት ላይ ያለው ጣቢያ ጠፋኝ» ብለሻል። ያ ቁጥር ስም እንጂ አድራሻ አይደለም። አንድ ጣቢያ በየከተማው ቁጥር ሦስት ሊባል ይችላል፤ ከየትኛው ማማ እንደሚመጣ የሚናገረው ግን ፍሪኩዌንሲው ነው። የሪሲቨርሽን ሜኑ ክፈቺ፣ የምልክት መረጃ የሚል ገጽ አለ፤ እዚያ የምታዪውን ጻፊልኝ። የቤት ውስጥ አንቴናውን ጣይውና ጣራ ላይ የሚሰቀለውን ግዢ። ማማው ካለሽበት ከተማ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው፤ የትምህርት ቤታችሁን አንቴና ጣራ ላይ ወጥቼ የሰቀልኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። የአንቴናውን ጣቶች፣ እነዚያን ቀጫጭን ዘንጎች፣ ከመሬት ጋር ትይዩ አድርገሽ አጋድሚያቸው፣ አፍንጫውን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሪ፣ ከዚያ ጣቢያዎቹን እንደ አዲስ አስሺ። ጎረቤቶችሽስ እንዴት ነው የሰቀሉት?

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። አንቺ አንድ ቦታ ተቀምጠሽ ዜና እንኳ ጨርሰሽ አታውቂም። ቴሌቪዥኑን የሚያየው ማን ነው?

አጎትሽ


ጥር 19 ቀን

ውድ ጋሼ፣

ስለ ሙጫው ይቅርታ። መልሴ ስለዘገየም ይቅርታ፤ የፈተና ወረቀት በዝቶብኝ ነው። ደህና ነኝ፣ አልከሳሁም። ቴሌቪዥኑን የማየው እኔ ነኝ፤ ሰው ሲያረጅ ይለወጣል።

ያሉኝን አንድም ሳላጎድል አድርጌያለሁ። ጣቶቹን አጋድሜ፣ አፍንጫውን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሬ አሰስኩ። ጭራሽ ያቺ የምትሰነጣጠቀው ሥዕልም ጠፋች፤ «ምልክት የለም» ነው የሚለኝ። ያከራየችኝ ሴትዮ ሪሲቨር ላይ ግን ጣቢያዎቹ በሙሉ አሉ፤ የምልክት መረጃው ፍሪኩዌንሲ 578 ይላል። የጎረቤቶቹን ጠይቀውኛል። የሁሉም ጣቶች ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ አፍንጫቸውም ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው። ሴትዮዋ የእኔን አይታ ሳቀች። እኔ ግን አጎቴ በዚህ ነገር ተሳስቶ አያውቅም ብያት እንዳለ ትቼዋለሁ።

እማዬ በዚህ ዕረፍት ባትመጣ ይሻላል። የምኖርበትን የመምህራን ማረፊያ ቀለም ሊቀቡት ነው።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 27 ቀን

ፌንጣዬ፣

በሙጫው ጉዳይ መሻሻል አለ፤ በዚህኛው ቢላዋ ብቻ በቃኝ።

የከተማው ጣራ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ አንቺ የአጎትሽን ቃል ይዘሽ ወደ ሌላ ማዞርሽ ልቤን አሙቆታል፤ እንደዚህ ያመነኝ ደንበኛ ኖሮኝ አያውቅም። ነገሩን ላስብበት። እስከዚያው አንቴናውን አትንኪው። ያው አስቸጋሪ ጉዳይ ሲገጥመኝ ጺሜን እያከክሁ ጥቂት ቀን መቆየት እንደምወድ ታውቂያለሽ።

አንቺ ግን እንዴት ነው ማረፊያ ውስጥ እየኖርሽ ያከራየችሽ ሴትዮ የመጣችው? ምናልባት ማረፊያውን የምትጠብቀውን ሴትዮ ማለትሽ ይሆናል። ይሁን።

እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፤ ከማረፊያው ጀርባ ያለው ቀዩ የውሃ ማጠራቀሚያ አሁንም እንደዘመመ ነው? አንቴናውን ልሰቅል የመጣሁ ጊዜ ሊወድቅብኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

እናትሽ ስለ ቀለሙ ስነግራት ምን አለች መሰለሽ፤ «ቀለም ቢቀባ ምን አለበት፤ እኔ ግድግዳ አልደገፍ።»

አጎትሽ


የካቲት 5 ቀን

ውድ ጋሼ፣

አዎ፣ የማረፊያውን ጠባቂ ማለቴ ነው። ቀዩ ማጠራቀሚያም እንደዘመመ ነው፤ ልጆቹ አጠገቡ እንዳይጫወቱ ሁልጊዜ እንከለክላቸዋለን።

እባክዎን የአንቴናውን ነገር ቶሎ ይንገሩኝ። ቀላል ነገር እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ለእኔ ግን ቀላል አይደለም። እማዬን ደግሞ እንደምንም ያቆዩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 13 ቀን

ፌንጣ፣

ቀይ ማጠራቀሚያ የለም። ኖሮም አያውቅም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ደግሞ ልጆች እንዳይጫወቱበት ከለከልሽልኝ። ሃያ ዓመት ስዋሽ ኖሬ ውሸቴን እንዲህ አሳድጎ የመለሰልኝ ሰው አላጋጠመኝም።

እንዳልተቆጣሁ እንድታውቂ መጀመሪያ ሥዕሉን ልስጥሽ። ጣራ ላይ ውጪ፤ ጣቶቹን ከላይ ወደ ታች አቁሚያቸው፤ አፍንጫውን እንደ ጎረቤቶችሽ ወደ ፀሐይ መግቢያ አዙሪው። ከዚያ አስሺ፤ ይመጣልሻል።

አሁን ደግሞ እንዴት እንደማውቅ ልንገርሽ። ትልቁ ማማ የሚያሰራጨው በተጋደመ ሞገድ ነው፤ ስለዚህ ያንን ማማ የሚያዩ ከተሞች አንቴናቸውን ያጋድማሉ። ከተራራው ጀርባ ያለችው ከተማ ግን ማማው አይታያትም፤ ተራራው ይጋርዳታል። ለእሷ ሲባል በምዕራብ በኩል ካለው ኮረብታ ላይ አንድ ትንሽ ማሰራጫ ተተከለ። ሁለቱ እንዳይረባበሹ ትንሹ በሌላ ፍሪኩዌንሲና በቆመ ሞገድ እንዲያሰራጭ ተደረገ። ጣቶቻቸውን አቁመው ወደ ፀሐይ መግቢያ የሚያዞሩ ጣራዎች በዚህ አካባቢ ያሉት በዚያች ከተማ ብቻ ነው። 578ም የእሷ ነው። በትምህርት ቤትሽ ከተማ 578 ላይ የሚገኘው ዝምታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤሽ ላይ ያለው የፖስታ ቤት ማኅተም የትምህርት ቤቱ ከተማ ነው ይላል፤ ጣራሽ ደግሞ ሌላ ይላል። እኔ የማምነው ጣራውን ነው።

መጀመሪያ ሰው ወደደች አልኩ፤ ደስም አለኝ። ከዚያ ከሥራ ተባረረች አልኩ። ከዚያ ደግሞ «ለእኔ ግን ቀላል አይደለም» ያልሽውን ደግሜ አነበብኩት። ስለ ወደዱት ሰው እንዲህ አይጻፍም። እዚያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ወይም ተኝቶ፣ ቴሌቪዥን የሚጠብቅ ሰው አለ።

ስለዚያች ከተማ የማውቀው ሌላ አንድ ነገር አለ። አንቺ ገና የደንብ ልብስ ለብሰሽ ትምህርት ቤት ስትሄጂ፣ ጭነት አድርሼ እመጣለሁ ብሎ የወጣ ሾፌር ነበር። እዚያ ነው የቀረው ይባላል። ስሙ በእናትሽ ቤት አይነሳም። «ወደ እሱ የሄደ ወደ እኔ አይመለስ» ያለችውን አንቺም እኔም ሰምተናል፤ እሷ ደግሞ ያለችውን አትረሳም።

ተሳስተሃል በይኝ። ደስ ብሎኝ እሳሳታለሁ።

አጎትሽ


የካቲት 22 ቀን

ውድ ጋሼ፣

አልተሳሳቱም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የቆየሁት ጥቂት ቀን ነው። ከአባዬ ጋር ይነዳ የነበረ ሰው ፈልጎ መጥቶ አገኘኝና «አባትሽ ወድቋል፣ ቀኝ ጎኑ አይሠራም፣ ሰው የለውም» አለኝ። አይቼው ልመለስ ነበር የሄድኩት። ገብቼ ሳየው ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶት ነበር፤ አልተመለስኩም። አሁን ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ቤት ሒሳብ ተቀባይ ነኝ። ደብዳቤዎቼን ከትምህርት ቤቱ ከተማ የምትልክልኝ፣ የእርስዎንም ተቀብላ በሚኒባስ ሾፌር የምታደርስልኝ የሒሳብ አስተማሪዋ ናት። ሙጫውም የእሷ ነው።

ቴሌቪዥኑን የፈለግሁት እኔ ሥራ ስሄድ ግድግዳ እያየ ስለሚውል ነው። እንዳሉኝ ጣቶቹን አቆምኩ፣ ሴትዮዋ ገመዱን ያዘችልኝ፣ አዞርኩት። መጣ። መጀመሪያ የመጣው ስለ ሽንኩርት በሽታ የሚያስረዳ ባለሙያ ነበር። አባዬ እንደ ሠርግ ነው ያየው፤ እስኪያልቅ ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ አንቴናውን ማን እንዳስተካከለው ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። በሚንቀሳቀሰው ግማሽ አፉ ሳቀና «ዋሾ» አለኝ።

እማዬ ከሰማች አለቀልኝ። እሱን ጥዬ ወደ እሷ መመለስ አልችልም፤ እሷንም ማጣት አልችልም። እርስዎ የሚያውቁት መላ ካለ ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 29 ቀን

ፌንጣዬ፣

ከእንግዲህ በቀጥታ ጻፊልኝ፤ የሒሳብ አስተማሪዋን አሳርፊያት።

መላ ከመፈለጌ በፊት የማጣራው ነገር አለ። የሾፌሩን ሕመም አላመንኩትም። ይህንን ስጽፍ ፊትሽ እንደሚቀላ አውቃለሁ፤ ይቅላ። ያ ሰው ድሮም ዕቃ የማውረድ ሰዓት ሲደርስ ወገቡን ይዞ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር። ጭነቱ ሲያልቅ ወገቡ ይሻለዋል። አንድ ጊዜ እኔ ብቻዬን ማቀዝቀዣ ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ከታች ሆኖ «በርታ፣ እየቀረብክ ነው» ብሎኛል። የሚያበስልለት፣ የሚያጥብለት፣ ጣራ ወጥቶ አንቴና የሚያዞርለት የተማረች ልጅ ካገኘ ለምን ይድናል?

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊ። ሪሞቱን በቀኝ እጁ በኩል አስቀምጪለትና «ወደ ሥራ ሄድኩ» ብለሽ ውጪ። ከዚያ በመስኮት ተመልከቺ። ድሮ ሁሉን ነገር በቀኙ ነበር የሚሠራው። ሰው እንደማያየው ካወቀ በየትኛው እጁ ነው የሚያነሳው? ያንን ጻፊልኝ።

እናትሽ ቦርሳ አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታለች። ጠረኑ እንዲለቅ ነው አለችኝ። አልወደድኩትም።

አጎትሽ


መጋቢት 7 ቀን

ጋሼ፣

እንዳሉኝ አደረግሁ። ሁለተኛ አላደርገውም።

ሪሞቱን በቀኝ በኩል አስቀምጬ ወጣሁና በመስኮቱ ጥግ ቆምኩ። መጀመሪያ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ በግራ እጁ ሰውነቱን ተሻግሮ ሊያነሳው ሞከረ። ጣቱ ሲነካው ሪሞቱ መሬት ወደቀ። ወደ በሩ አየ። አልተጣራም። ቴሌቪዥኑ ላይ የሕፃናት ፊልም ነበር፤ በማይሰማው ቋንቋ። ወደዚያው ዞሮ ማየቱን ቀጠለ። እኔም ደፍሬ መግባት አቃተኝና መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ስመለስ ያው ጣቢያ ላይ ነው። ልቀይርልህ ስለው «ተዪው፣ ይሄ ጥሩ ነው» አለኝ።

ለማወቅ የፈለጉት ይኸው ነው።


መጋቢት 14 ቀን፣ ጠዋት

ፌንጣዬ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ነገር አልጠይቅሽም። ይቅርታ የሚለውን ቃል መጻፍ ስለማልወድ፣ እንደ ጻፍኩት ቁጠሪው። ሪሞቱን በገመድ አስረሽ ከአልጋው ግራ በኩል አንጠልጥይለት። የገመዱን አስተሳሰር ሥዕል ከታች ታገኛለሽ።

አሁን ፍጠኚ። እናትሽ ሄዳለች። እንደምንም አቆያት ብለሽኝ ነበር፤ ያልሞከርኩት የለም። መንገዱ ተቆፍሯል አልኳት፤ «በዳር በዳር ይሄዳላ» አለች። ትምህርት ቤቱ ኩፍኝ ገብቶበታል አልኳት፤ «ልጅ ሆኜ ወጥቶልኛል» አለች። ወገቤን አሞኛል፣ ማን ያየኛል አልኳት፤ እኔ እንኳ እያስመሰልኩ እንደሆነ እስካውቅ ድረስ ትክ ብላ አየችኝ። ዛሬ ጠዋት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ልሸኝሽ ስላት «መንገዱ አይጠፋኝም» ብላ ከበር መለሰችኝ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ነገ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ይህንን ደብዳቤ በዚያ በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ሾፌር እልክልሻለሁ፤ ነገ ጠዋት ይደርስሻል። አባትሽን ላከራየችሽ ሴትዮ አደራ በይና በመጀመሪያው መኪና ተራራውን ተሻገሪ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመሽ ጠብቂያት። ጣትሽ ላይ ጠመኔ ቢኖር አይከፋም። ማረፊያውን ላሳይሽ ካለች፣ ማለቴ አሳዪኝ ካለች፣ ቀለሙ አልደረቀም በያት። ከሒሳብ አስተማሪዋ ጋር ተነጋገሪ፤ አብራችሁ ከዋሻችሁ ቃላችሁን አስቀድማችሁ አስማሙ። የእኔን ቀይ ማጠራቀሚያ ግን አትጠቀሙ፤ እሷ ሄዳ ካላየሁት ትላለች።

እየጻፍኩ ሳለ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። ስትወጣ ስለ አንቺ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ምን ልውሰድላት፣ ምን ጎደላት፣ ምንም። ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት…

በሩ ተንኳኳ። ደንበኛ ይሆናል፤ ዝግ ነው ብዬ ጮህኩ።

አሁንም እየተንኳኳ ነው። ቆይ።

ፌንጣ፣ እናትሽ ናት። ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። አውቶቡሱ አመለጠሽ ወይ ስላት «ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ ማን ፈለገ» አለችኝ። መናኸሪያ ድረስ ሄዳ፣ ወደ ተራራው ጀርባ የሚሄደው ከሰዓት እንደሆነ ሰምታ ነው የተመለሰችው። ማን ነገረሽ አልኳት። «አንተ ነሃ» አለች። «ስትጽፍም ስታነብም ጮክ ብለህ ነው። ቤቴን ከቤትህ የሚለየው ግድግዳ ደግሞ ካርቶን ነው።»

የቦርሳዋ ዚፕ አልገጠመም። ትራስ ወጥቶ ይታያል። ሰውዬው እያስመሰለ እንደሆነ በዓይኔ ላየው ነው የምሄደው አለችኝ። ታዲያ ትራሱ ምንድን ነው ብላት ወደ ቦርሳው ውስጥ ገፋ አደረገችው።

አሁን ፊት ለፊቴ ባለው፣ ውስጡ በወጣ ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጣለች። ብዕሩን አስቀምጥ አላለችኝም። የምጽፈውን እያየች ነው። ጠይቅልኝ አለች፤ እንዳለችው እጽፈዋለሁ፦

«ሪሞቱ ከወደቀ በኋላ ማን አነሳለት?»